ለአገሬው የምትበቃ ማደሪያ

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነውና፥ ስለ ማደሪያ ከመናገራችን በፊት ስለ ማየት ጥቂት እንበል። እኛ በኮልፌ ቀራንዮ የምንኖር የመንግሥት ሠራተኞች ማለዳ ወደ ምዕራብ ዐይናችንን ብናነሣ የወጨጫን ተራራ እናያለን። በዚያ ተራራ ጎን የመናገሻ ሱባ ደን አለ፤ በ15ኛው መቶ ዓመት በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ትእዛዝ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ መጥቶ እንደ ተተከለበት ይተረካል። በሰበታ በኩል ማልዶ የሄደ ሰው ጽዱንና ዝግባውን፥ ጉሬዛውንና የምኒልክን ድኩላ ጎብኝቶ በዚያው ቀን ከቤቱ ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ኢትዮጵያ በወጨጫ አታልቅም።

ከመካከላችን አስተማሪዎች አሉ። ስለ ዋልያና ስለ ጭላዳ፥ ስለ ቀይ ቀበሮና ስለ ደጋ አጋዘን በየዓመቱ ያስተምራሉ፤ ሆኖም ራሳቸው እነዚህን እንስሳት የሚያውቋቸው በመጽሐፍ ሥዕል ነው። ተማሪው፥ «እርስዎ አይተውታል ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ መምህሩ ምን ይመልስ? መስማት እንደ ማየት አይሆንምና፥ ያላየው ያስተማረው ትምህርት ግማሽ ትምህርት ነው።

ታዲያ እንዳናይ የከለከለን ምንድር ነው? የፓርኮቻችን የመግቢያ ዋጋ ለኢትዮጵያዊ ከውጭ አገር ሰው ያነሰ ነውና በሩ አልተዘጋብንም። የተዘጋብን ሌሊቱ ነው። የባሌ ተራሮች ፓርክ ጽሕፈት ቤት የሚገኝበት ዲንሾ ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ አድሮ ካልሆነ በቀር ማንም አያየውም። የዱር አውሬም ቢሆን በማለዳና በምሽት እንጂ እንግዳው በሚመቸው ሰዓት አይገለጥም። ስለዚህ እውነተኛው በር አልጋው ነው። ስለ አንድ ማረፊያ ቤት በስልክ ብንጠይቅ ዋጋው በዶላር ተነገረን፤ ወደ ብር ብንመልሰው የአንዱ ሌሊት ኪራይ ከግማሽ ወር ደመወዛችን በለጠ።

ይሁን እንጂ ተስፋ አልቆረጥንም። ሰባት ሆነን እንደ ዕቁብ በየወሩ ገንዘብ አዋጣን፤ ዓመቱም ሲሞላ በጥር ወር ልጆቻችንን ይዘን በሻሸመኔ በኩል ወደ ዲንሾ ወጣን። በፓርኩ ጽሕፈት ቤት አጠገብ ባለው አሮጌ ማረፊያ፥ በጋራ መኝታ ክፍል አደርን። ሽሮውንና በርበሬውን፥ ዳቦውንና ብርድ ልብሱን ከቤት ይዘን ነበርና ወጪያችን በአቅማችን ሆነ። ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር፤ ነገር ግን ጎሕ ሲቀድ ደጋ አጋዘኑ በኮሶውና በጽዱ መካከል ቆሞ አገኘነው። በማግሥቱም በሳነቴ ሜዳ ላይ ቀይ ቀበሮ አይጥ ሲያድን አየን። ወገኖቹ በዓለም ሁሉ 500 ያህል ብቻ መሆናቸውን ለልጆቹ ስንነግራቸው፥ አንዲቱ ሕፃን፥ «ታዲያ ማን ይጠብቃቸዋል?» አለች። ይህ ጥያቄ በክፍል ውስጥ አይወለድም።

አንዳንድ ሰዎች፥ «ሕዝብ በብዛት ከገባ ደኑ ይጠፋል» ይላሉ። ፍርሃታቸው ከንቱ አይደለም፤ እንግዳው ሁሉ ለማገዶ አስታ ቢቆርጥ ተራራው ይራቆታል። ነገር ግን የመንዝን ጓሳ እንመልከት። የዚያ አገር ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ መሪ መርጦ፥ ሣሩ የሚታጨድበትን ጊዜ ወስኖ፥ ጓሳውን በራሱ ሥርዓት ጠበቀ። ያ ሥርዓት ከ1967ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ ቢፈርስም ሕዝቡ ጥበቃውን በሌላ መልክ መልሶ አቋቋመ፤ እንግዳ ራሱ አብስሎ የሚያድርበት ቀለል ያለ ማረፊያም ተሠራ። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ግጭት መንገደኛውን ቢያርቀውም፥ ምሳሌነቱ አልጠፋም። ደንን የሚጠብቀው የሰው መራቅ ሳይሆን የሰው ሥርዓት ነው።

በሌላም ዓለም እንዲሁ ሆኗል። አሜሪካ በታላቅ የኑሮ ችግር ላይ ሳለች፥ እ.ኤ.አ. ከ1933 እስከ 1942 ሥራ ያጡ ወጣቶቿን አሰማርታ በክፍላተ አገሮቿ ፓርኮች ውስጥ የእንጨትና የድንጋይ ጎጆዎች አሠራች። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ይከራያሉ። አገሪቱ ይህን የሠራችው በጥጋብ ዘመን አለመሆኑን ልብ ይሏል።

በእኛም አገር በ2012 ዓ.ም. በተጀመረው በገበታ ለአገር በጎርጎራ፥ በወንጪና በኮይሻ ያማሩ ማረፊያዎች ታንጸዋል። የውጭ ምንዛሪ ያመጣሉና አንነቅፋቸውም። የምንለምነው በእንዲህ ያለው ሥፍራ ሁሉ ከትልቁ ቤት ጎን አንዲት ትንሽ ቤት እንድትቆም ነው፤ ንጹሕ ውሃ፥ የጋራ ማብሰያና ደርብ አልጋ ያላት፥ ዋጋዋም በብር የተጻፈ። ዛሬ በኮልፌ ትምህርት ቤት የተቀመጠው ልጅ ነገ ስለ ደንና ስለ አውሬ ሕግ የሚጽፍ ሹም ይሆናል። አድሮ ያየውን አገር እንደሚጠብቅ እናምናለን፤ በሥዕል ብቻ ያወቀውን ግን እንዲጠብቅልን በምን እናስገድደዋለን?