በግቢህ የምትተክለው ጥድ

አንባቢ ሆይ፣ ግቢህ በደብረ ብርሃን ወይም በአንኮበር ከሆነና በአጥርህ ጥግ ጥድ ለመትከል ካሰብህ፣ ችግኝ ሻጩን አስቀድመህ «የትኛው ጥድ ነው?» ብለህ ጠይቀው። በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት ዛፎች አሉና።

አንደኛው የሐበሻ ጥድ ነው። ከአንኮበር ወደ ደብረ ሲና በሚወስደው ገደላማ አገር፣ በወፍ ዋሻ ደን ውስጥ የምታየው ይኸው ነው። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዓመት የመናገሻን ተራራ ደን ሲያለብሱ ዘሩን ያስመጡት ከዚሁ ነው ይባላል። እንጨቱን ምስጥ አይደፍረውም፤ ስለዚህ ለቤት ምሰሶና ለአጥር ተፈላጊ ነው። ደኑን ያመነመነውም ይኸው ተፈላጊነቱ ነው። ይሁን እንጂ እድገቱ አዝጋሚ ስለሆነ፣ ዛሬ የምትተክለውን ጥድ ምሰሶ አድርጎ የሚያቆመው የልጅ ልጅህ እንጂ አንተ አይደለህም። በገና ሰሞን ጫፉን የሚቀነጥሱበትም አይጠፉም፤ ጫፉ የተቀነጠሰ ጥድ ደግሞ ቀጥ ብሎ ማደጉን ይተዋል።

የፈረንጅ ጥድ የምንለው ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣ ነው። ቶሎ ያድጋል፤ ሲከረከምም እንደ ግድግዳ የጠበቀ አጥር ይወጣዋል። የደብረ ብርሃን ነፋስ ላስመረረው ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዳሩ ግን ቅርንጫፉን እያደረቀ የሚገድል ክሽክሽ አለበት። ይህ ተባይ በምሥራቃዊው የአፍሪካ ክፍል በ1986 እ.ኤ.አ. በማላዊ ታይቶ፣ በኋላ ወደ አገራችንም ገብቷል። አጥርህ በሙሉ የፈረንጅ ጥድ ከሆነ፣ አንዱ ሲታመም ሌላውም አይተርፍም።

ዝግባስ? መልኩ ያማረ፣ ጥላውም የከበደ ነው። ነገር ግን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ባላት በደብረ ብርሃን ውርጩ ለጋውን ችግኝ ይፈትነዋል። ከአንኮበር ቁልቁል ጉም በሚያለብሰው ግቢ ግን እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ዝግባን እተክላለሁ። ባሕር ዛፍን ያላነሣሁት ሆን ብዬ ነው፤ ጎመንህ አጠገቡ አይፋፋምና።

ለደብረ ብርሃን ግቢ የእኔ ምርጫ እንዲህ ነው፦ ነፋስ በሚመጣበት ወገን ጥቂት የፈረንጅ ጥድ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ የሐበሻ ጥድ፣ ሁሉም ከቤቱ መሠረት ራቅ ብለው። ችግኙን ዝናቡ በጠናበት በሐምሌ ትከለው፤ ከፍየልም አጥረው። ኅዳር ሲገባ ደግሞ ማታ ማታ ጆንያ አልብሰው፣ ጧት ፀሐይ ስትሞቅ ግለጥለት።