አራተኛው ስም

ሰው በወረቀት ላይ ሲመዘገብ ሦስት ስም ይበቃዋል፤ የራሱ፥ የአባቱና የአያቱ። አራተኛው ቦታ የለውምና ከመስመሩ ውጭ ይቀራል። እኔ በመምህርነት ስኖር የተማሪዎችን ስም በየዓመቱ ስጽፍ ይህን ነገር አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬው አላውቅም። ባለፈው ዓመት ግን የልጄ ልጅ ተወልዳ ልደቷን ለማስመዝገብ ከአባቷ ጋር ወረታ ከተማ ወደሚገኘው ጽሕፈት ቤት በሄድሁ ጊዜ፥ ጸሐፊዋ የሕፃኗን፥ ቀጥላ የልጄን፥ በመጨረሻም የእኔን ስም ጽፋ ብዕሯን አነሣች። ስሜን በመስመሩ ዳር ባየሁት ጊዜ፥ በሚመጣው ትውልድ እኔም ከዳሩ እንደምወድቅ ገባኝ። ወዲያውም ከእኔ አስቀድሞ የወደቀው፥ የአባቴ አያት፥ ትዝ አለኝ። ከስሙ በቀር አንዳች የማውቀው አልነበረም።

እንዲህ ያለው ፍለጋ የሚጀመርበት መዝገብ በአገራችን ጥቂት ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፥ ስለ ጋብቻና ስለ ሞት የክብር መዝገብ በሰፊው ደንግጎ ነበር። ዳሩ ግን መዝገቡ የሚጀመርበት ቀን በትእዛዝ እስኪነገር ድረስ እንዲቆይ ያው ሕግ ስላዘዘ፥ ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው። ከዚያ በፊት ብዕር ይከተል የነበረው ሰውን ሳይሆን መሬትን ነው። መሬት ያለው በግብር ደረሰኝና በሙግት ወረቀት ይገኛል፤ መሬት የሌለው ከነሥራው ይጠፋል።

ስለዚህ ወደ አክስቴ ዘንድ ሄድሁ። አክስቴ ከወረታ በስተደቡብ፥ በጉማራ ወንዝ አቅራቢያ የሚኖሩ፥ ዕድሜያቸው ወደ ዘጠና የተጠጋ ሴት ናቸው። የፎገራ ሜዳ በክረምት ርብና ጉማራ ሞልተው ሲተኙበት የጣና ባሕር ወደ ደጃፍ የመጣ ይመስላል። ከ1970ዎቹ ወዲህ ሩዝ የሚዘራበት ይህ ጥቁር አፈር ቀድሞ የፎገራ ከብት የሚሰማራበት መስክ ነበር። በእንዲህ ያለው አገር የሰው ክብር በመሬትና በበሬ ቢለካ አያስደንቅም።

«እትዬ፥ ስለ አያትዎ ይንገሩኝ» ብዬ ብጠይቃቸው ብዙ ጊዜ ዝም አሉ። በኋላም «ልጄ፥ ይህን ለምን ትቆፍራለህ? የተደፈነ ነገር ነው» አሉኝ። ነገር ግን ባዶ እጄን ሊሰዱኝ አልወደዱምና በጨርቅ የተጠቀለለ ወረቀት ከሣጥን አውጥተው ሰጡኝ። ጥቂት የግብር ደረሰኞችና በ1940ዎቹ መጀመሪያ አያቴ ስለ ርስት የተሟገተበት የፍርድ ግልባጭ ነበረ።

የዚያን ጊዜውን ሙግት ለመረዳት አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። በ1937 ዓ.ም. የመሬት ግብር አዋጅ ሲወጣ ትግራይ፥ ጎጃምና ወረታ ያለችበት በጌምድር መሬታቸው ሳይለካ በቀድሞው ልማድ እንዲከፍሉ ተደረገ። ስለዚህ የባለርስትነት ማስረጃው በገመድ የተለካ መሬት ሳይሆን የትውልድ ቆጠራ ሆኖ ቀጠለ። ርስት ደግሞ በአባትም በእናትም በኩል ይወረሳልና፥ ተሟጋች የሚቆጥረው መሬት ያለበትን ሐረግ ብቻ ነው።

በግልባጩ ውስጥ የቅድመ አያቴ ነገር የተነሣው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም በባላጋራ አፍ። ባላጋራው፥ አባቱ እግሩን ከጉድጓድ ከትቶ የሚውል ሸማኔ ሆኖ ሳለ ይህ ሰው ርስትን ከየት አገኘው ሲል ይጠይቃል። አያቴም፥ እኔ የምቆጥረው በእናቴ ነው፤ የአባቴ ነገር በዚህ ጉዳይ አይገባም ሲል ይመልሳል። ከሥሩ የጣቱ አሻራ አለ። ርስቱ ተፈረደለት።

ይህን ባነበብሁ ጊዜ በአያቴ አዘንሁ፤ ተቈጣሁም። ሠራተኛን በሥራው መስደብ ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ገደማ በአዋጅ የከለከሉት ነገር ሆኖ ሳለ፥ ከአርባ ዓመት በኋላ ስድቡ በአደባባይ ለክርክር መዋሉ፥ ይልቁንም ልጅ አባቱን ስለ መሬት መተዉ ከበደኝ። ለአክስቴም ይህንኑ ነገርኋቸው።

እርሳቸውም «አያትህን አትውቀስ» አሉኝ። «ያን ጊዜ እኔ ነፍስ ያወቅሁ ልጅ ነበርሁ። ሽማግሌዎች ቤቱን ሊያዩ ይመጣሉ ተባለ። የሽመናው ጉድጓድ በምድጃው አጠገብ ነበረ። አፈሩን በቁና ተሸክመው ያመጡት ራሳቸው አያቴ ናቸው። ደፍነው፥ በእግራቸው ረግጠው፥ እበት ለቀለቁበት። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ መወርወሪያ አልነኩም።»

የተደፈነ ነገር ያሉኝ እንግዲህ ይህ ነው። ሽማግሌው ስሙ ከልጁ ቆጠራ እንዲወጣ ራሱ ፈቅዶ ነበር። ያ በዚህ ዋጋ የተገኘ ርስት ግን፥ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ሲወጣ ርስትነቱ ቀረ። በቤታችን መሬቱም ሸማኔውም ሳይኖሩ ኀፍረቱ ብቻ ተረፈ።

የቀረውን ያገኘሁት ጋብቻ ከሚያጣሩ ሽማግሌዎች ነው። ለርስት የሚጠቅም ሐረግ ብቻ ሲቆጠር፥ ለጋብቻ ግን ዘመድ ከዘመድ እንዳይጋባ እስከ ሰባት ቤት ሁሉም ይቆጠራል፤ ሸማኔውም ባለርስቱም ሳይለይ። ከእነርሱ እንደ ሰማሁት፥ ሴቶች የፈተሉትን ልቃቂት ይዘውለት ይመጡ ነበር፤ እሱም ድሩን አድርቶ ማጉን እየወረወረ ጋቢና ኩታ ይሠራላቸውና ዋጋውን በዳጉሳና በሽምብራ ይቀበል ነበር። አባቴ ክርስትና ሲነሣ የታቀፈበትን ነጠላም የሠራው እሱ ነው።

ወደ ቤቴ ተመልሼ በአንድ ወረቀት ላይ የሰባቱን ቤት ስም በእናትም በአባትም በኩል ጻፍሁ። በእያንዳንዱም ስም አጠገብ ሥራውን አከልሁበት፤ ገበሬ፥ ፈታይ፥ ቄስ፥ ሸማኔ፥ መምህር። ወረቀቱንም ከሕፃኗ የልደት ምስክር ወረቀት ጋር በአንድ ፖስታ አኖርሁት።

መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ ተማሪዎቻችሁን አራተኛውን ስም ብትጠይቋቸው መልካም ነው። ስሙን ሲያገኙም በምን ሥራ ይተዳደር እንደ ነበረ ይጠይቁ። የሚነግራቸው ሰው አርጅቷልና ጥያቄው ለከርሞ አይደር።