ሳጥኑን ጣሉት አለ ሰውዬው

ስልክ አታነሳም፣ ጠፋህ ያላችሁኝ ወዳጆቼ፣ አለሁ። ኅዳርንና ታኅሣሥን ሳጥን ስሠራ ነው የከረምኩት። አዎ፣ የእንጨት ሳጥን።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከሦስት ዓመት በፊት ያረፈ አንድ ጊታሪስት ወዳጅ ነበረኝ። ቤተሰቡ ስሙ ፌስቡክ ላይ እንዲነሳ ስለማይፈልግ አልጽፈውም። በደርግ ጊዜ ሆቴል ውስጥ የተጫወታችሁ ግን ማን እንደሆነ ይገባችኋል። ሰዓት እላፊ ስለነበር እንግዳው በር ተዘግቶበት እስኪነጋ የሚጨፍርበት ዘመን ነው። እኔ ያኔ ልጅ ነኝ። ጊታር ከመያዜ በፊት የባንዱ ሥራዬ የሱን አምፕሊፋየር መሸከም ነበር። ፌንደር ትዊን ሪቨርብ፣ 29 ኪሎ ገደማ። የወገቤ ሕመም ከዚያ የመጣ ነው እላለሁ፤ ሐኪሙ የዕድሜ ነው ይላል።

ጥቅምት ላይ ሴት ልጁ ደወለችልኝ። ቤት ሊቀይሩ ነው፣ ሰርቪስ ቤት የተከመረው ዕቃ መውጣት አለበት። «ጋሼ፣ የአባዬን አምፕ የሚገዛ ሰው መጥቶ ነበር። የውስጡን ማሽንና ሁለቱን ስፒከር ልውሰድ፣ ሳጥኑን ጣሉት አለን። ምን ይመክሩኛል?» የቀረበላቸው ብር ቀላል አይደለም። እናትየው «ይሸጥ» ብለዋል፤ ቤት የሚቀይር ሰው ስንት ወጪ እንዳለበት አውቃለሁና አልፈረድኩባቸውም።

ሄጄ አየሁት። ሲሚንቶ ወለል ላይ ዓመታት ተቀምጦ እርጥበት ከታች ጠጥቷል። የታችኛው ሳንቃ በጣት ሲነካ እንደ ደረቀ ዳቦ ይፈረፈራል። ጎኖቹን ነቀዝ ወንፊት አድርጓቸዋል። ስፒከሮቹ የታሰሩበት የፊት ሰሌዳ ከተጨመቀ የእንጨት ብናኝ የተሠራ ነው፣ እኛ ቺፑድ የምንለው ዓይነት፤ አብጦ ብሎኖቹን ለቋቸዋል። ሳጥኑን አንድ ላይ ይዞ ያቆየው ጥቁሩ ልባስ ብቻ ነው ማለት ይቻላል። ሰውዬው ጣሉት ማለቱ ለዓይን ሲታይ እውነት አለው።

ብዙ ሰው አምፕ ማለት ውስጡ ያለው ኤሌክትሪክ ነው፣ ሳጥኑ ልብስ ነው ብሎ ያስባል። እኔ በዚህ አልስማማም። የትዊን ሪቨርብ ጀርባ በከፊል ክፍት ነው። ስፒከሩ ድምፁን ወደፊት ብቻ ሳይሆን ወደኋላም ይለቃል፤ ከኋላ የሚወጣው ግድግዳ መትቶ ይመለስና ክፍሉን ይሞላዋል። ሳጥኑ ራሱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። 19 ሚሊሜትር ገደማ ውፍረት ያለው የፓይን ሳንቃ ነው፤ ቀላል ስለሆነ ከስፒከሩ ጋር አብሮ ይርገበገባል። ያንኑ ማሽን ያንኑ ስፒከር ከባድና ዝግ ሳጥን ውስጥ ብትከቱት ሌላ ድምፅ ነው የምትሰሙት፣ በተለይ ወፍራሞቹ ክሮች ላይ። ክራር የምትጫወቱ ተማሪዎቼ ይህን ለናንተ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሌላው ደግሞ ወረቀቱ ነው። ፌንደር በዚያ ዘመን የትኛው ቲዩብ የት እንደሚሰካ የሚያሳይ ትንሽ ወረቀት ከሳጥኑ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ ነበር። እዚያ ላይ ሁለት ፊደል በማኅተም ይመታል፤ የመጀመሪያው ዓመቱን፣ ሁለተኛው ወሩን ይናገራል። «ኤ» እ.ኤ.አ. 1951 ተብሎ ነው ቆጠራው የሚጀምረው። የኛው ላይ ያለው «ፒ» እና «ሲ» ነው፣ ማርች 1966 ማለት ነው። እንግዲህ አስቡት፤ የልደት ምስክር ወረቀቱ የተለጠፈው ጣሉት በተባለው ሳጥን ላይ ነው።

ለእናትየው እስከ ገና ጊዜ ይስጡኝ አልኳቸው። ካልሆነልኝ ይሸጡታል። ሰውዬው እስከዚያ ላይጠብቅ እንደሚችል፣ ብሩ ሊያመልጣቸው እንደሚችልም ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተም እንደሱ ነህ» አሉኝ። ፈቃድ መሆኑ የገባኝ ቡና ሲቀርብ ነው።

ሥራው የጀመረው ማሽኑን ከማውረድ ነው። የዚህ አምፕ ማሽን ከላይኛው ሳንቃ ላይ በአራት ብሎን ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ ቲዩቦቹ እንደ ሌሊት ወፍ ተዘቅዝቀው፣ ከባዶቹ ትራንስፎርመሮችም አብረው። ስለዚህ ላይኛው ሳንቃ ከደከመ ሁሉም ነገር ይወድቃል። ይህን አይታችሁ እኔም ልሞክር የምትሉ ልጆች አላችሁና አንድ ነገር ልናገር፦ ሶኬቱ ተነቅሎም ቢሆን ውስጡ ያሉት ኮንደንሰሮች ከ400 ቮልት በላይ ይዘው ሊቆዩ ይችላሉ። ሰው ይገድላል። የሚያውቅ ቴክኒሺያን ኃይሉን ሳያፈስላችሁ እጃችሁን እንዳትከቱ። እኔም በሚያውቅ ሰው ነው ያስደረግኩት።

እንጨቱ ላይ ከአናጢው ጋር ተከራከርን። ጎረቤቴ ነው፣ እጁ የተባረከ። «መምህር፣ ለሟች ክብር ከሆነ በዋንዛ እንሥራው» አለኝ። ዋንዛ ውብ ነው፣ ለበርና ለአልጋ ይሁን። ግን ሳጥኑ ድሮም ፓይን ነበርና ለሱ የሚቀርብ እንጨት ነው የፈለግኩት። የፈረንጅ ጥድ ለቀላልነቱ ይስማማን ነበር፤ ያገኘነው ሁሉ ግን እርጥብ ነው፣ ነገ ይጣመማል። በመጨረሻ ምናለሽ ተራ ገባን። ከውጭ አገር ማሽን ታሽጎበት የመጣ የፓይን ሳንቃ፣ ሚስማሩ የበዛ፣ አቧራ የጠገበ፣ ግን ድርቅ ያለ። አናጢዬ አንዱን አንስቶ በጣቱ መታ መታ አደረገውና ጆሮውን አስጠጋ። ከዚያ በኋላ ስለ ዋንዛ አላነሳብኝም።

የሳጥኑ ጥልቀት 27 ሴንቲ ገደማ ስለሆነ ሳንቃዎቹን ጎን ለጎን በኮላ አጣብቀን አሰፋናቸው። ማዕዘኑ ላይ ሚስማር የለም፤ እንደ ተጠላለፉ የሁለት እጅ ጣቶች እየተፈለፈለ ነው የሚገጣጠመው። ይህን በእጅ መጋዝና በመሮ ለመሥራት ስድስት ቀን ፈጀብን። አሮጌውን አፍርሰን ስናየው የፋብሪካው ሰዎችም እንዲሁ ነው የገጠሙት፤ ነቀዝ የበላው ሳንቃውን እንጂ ጣቶቹ አልተላቀቁም ነበር። የፊት ሰሌዳውን ግን በቺፑድ አልመለስኩትም። ኮምፖንሳቶ አደረግኩት። ኦሪጅናሉ ካልሆነ የሚሉ ሰዎች ይህን አይወዱልኝም፣ ድምፁንም ትንሽ ይለውጠው ይሆናል፤ ግን እርጥበት የሚፈራ ሰሌዳ ላይ ሁለት ከባድ ስፒከር ደግሜ አላስርም።

ልባሱ ከመርካቶ የተገዛ ጥቁር የሶፋ ሌዘር ነው፣ በማስቲሽ የተለጠፈ። ማዕዘኑ ላይ እንዲታዘዝ በጸጉር ማድረቂያ አሞቅነው፤ ማድረቂያው የልጅቷ ነው፣ ሽታው አልለቀቀውም ትለኛለች። የፊቱ ጨርቅ የድሮው ነው፣ በለስላሳ ብሩሽ አቧራውን አራገፍኩና መለስኩት። ወረቀቱን በእንፋሎት ላላቅቀው ብል የማኅተሙ ቀለም ይሟሟል ብዬ ፈራሁ፤ ከጀርባው ያለውን እንጨት ጨምሬ በስሱ ሰንጥቄ አወጣሁትና አዲሱ ግድግዳ ላይ ቦታው ላይ ለጠፍኩት።

እጀታው ላይ ልጅቷ አልተደራደረችም። የፋብሪካው እጀታ ገና ያኔ ተበጥሶ ነበርና ሆቴሉ በር ላይ የሚቀመጥ ጫማ ሰፊ በወፍራም የሶል ቆዳ ሠራለት። ያንን ሌሊት አስታውሳለሁ፣ ሲበጠስ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ቆዳው በላብ ጠቁሯል። ቅባት ቀባሁትና በአዲስ ብሎን አሰርኩት።

ከገና ሦስት ቀን ሲቀረው ወሰድነው። ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ላይ ሰካን፣ ቲዩቦቹ እስኪሞቁ ጠበቅን። ሳሎን መሃል ሳስተካክለው አምፑ ትንሽ ነካ አለና ውስጡ ያሉት የሪቨርብ ስፕሪንጎች እንደ ነጎድጓድ ጮኹ። ያኔ ሳወርደው እንዲህ ሲጮህ እሰደብበት ነበር፤ አሁን የሚሰድበኝ የለም። ከዚያ አንድ አንቺሆዬ ብቻ ተጫወትኩ። ልጅቷ ግድግዳ ተደግፋ አለቀሰች። እናትየው ከጓዳ «ቀንሱት እንጂ! ጎረቤት ምን ይላል!» አሉ። ወዲያው ግን ወንበር ይዘው መጡ።

ስለ ዋጋው ሲጠይቁኝ እውነቱን ነገርኳቸው። ሙሉ ሆኖ ሲሸጥ ሰውዬው ካቀረበው የበለጠ ያወጣል። ግን ሳጥኑ አዲስ መሆኑ ለገዢው መነገር አለበት። ማንም እንዳይታለል ብዬ የታችኛው ሳንቃ ላይ ከውስጥ በኩል የአናጢውን ስም፣ የኔን ስምና ዓመተ ምሕረቱን በእርሳስ ጽፌያለሁ። ይሸጡት አይሸጡት ገና አልወሰኑም፣ እኔም ጣልቃ አልገባም። ለጊዜው አዲሱ ቤት ሳሎን ውስጥ ነው፣ እናትየው ላዩ ላይ ዳንቴል አልብሰውታል። ሲበራ እንዲያነሱት ነግሬያለሁ።

አሁን አንድ ነገር ቸግሮኛል። ከአራቱ ትልልቅ ቲዩቦች አንዱ ደክሟል። ሲክስ ኤል ሲክስ የሚባለው ነው። ድሮ በባንድ ወይም በሬዲዮ ጥገና ሠርታችሁ መሳቢያ ውስጥ የቀራችሁ ካለ፣ ወይም ከአሜሪካ የሚመጣ ሰው ያላችሁ፣ በውስጥ መስመር አናግሩኝ። ዋጋውን እከፍላለሁ።