የዳዛይፉ መቅደስና የልጆች ፈተና

ዳዛይፉ በጃፓን አገር፥ በኪዩሹ ደሴት፥ ከፉኩኦካ አጠገብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። በየካቲት ወር በምድር ባቡር ደርሰን ወደ መቅደሷ በሚወስደው መንገድ ስንሄድ፥ በግራና በቀኝ በተሰለፉት ሱቆች ባቄላ የተሞላ የሩዝ ቂጣ በትኩሱ ይሸጥ ነበር። ከሱቆቹ ወዲያ ሦስት ድልድይ የተዘረጋበት ኩሬ አለ። በግቢው ውስጥ የኮክ ዘመድ የሆነው ኡሜ የሚባለው ዛፍ፥ ቁጥሩ ወደ 6000 የሚጠጋ፥ አበባውን ያፈካል።

የአበባው ወራት የልጆች የጭንቀት ወራትም ነው። በዚያ አገር የግዴታው ትምህርት 9 ዓመት ነውና፥ ከዚያ በላይ ለመማር የሚሻ የ15 ዓመት ልጅ ለሚመርጠው ትምህርት ቤት ይፈተናል። የ12 ዓመት ልጆችን ፈትነው የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶችም አሉ። ስለዚህ እናትና አባት ልጃቸውን ይዘው ወደዚህ ይመጣሉ፤ ምኞታቸውን በትንሽ የእንጨት ሰሌዳ ጽፈው ይሰቅላሉ፤ ልጁም ጥበብ አገኛለሁ ብሎ የነሐሱን በሬ ራስ ይዳስሳል።

መቅደሱ የተሠራው በሱጋዋራ ኖ ሚቺዛኔ መቃብር ላይ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ845 ዓ.ም. ከሊቃውንት ቤት ተወለደ። በ862 ዓ.ም. ቁጥራቸው 20 ብቻ ከሆነው ከመንግሥቱ ትምህርት ቤት የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎች ጋራ ለመቈጠር ተፈተነና አለፈ። ፈተናው በቀረበ ጊዜ አባቱ በየቀኑ ግጥም እያስገጠመ ይፈትነው እንደ ነበር ሚቺዛኔ ራሱ ጽፎ ትቶልናል። ከብዙዎቹም ለንባብ የሚበቁትን ጥቂቶቹን ብቻ አስቀርቷል።

እኛም ከዳዛይፉ ይዘነው የተመለስነው ይህን ነው። ያ አባት ልጁን የረዳው በአንድ ሌሊት ጥናት አይደለም፤ በቁጣም አይደለም፤ በየቀኑ ጥቂት ሥራ በመስጠትና የሠራውን ተቀምጦ በማየት ነው። በአገራችንም የቅኔ ተማሪ የቈጠረውን ለመምህሩ ነግሮ፥ ታርሞ፥ በማግሥቱ ሌላ ይቈጥራል። መታረምን የለመደ ልጅ በፈታኝ ፊት አይደነግጥም። ሰሌዳ መስቀል የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ ከልጅ ጋራ በየማታው ለጥቂት ጊዜ መቀመጥ ግን ሥራ ለሚበዛባቸው ሹማምንት እጅግ የሚከብድ ነው።

ደግሞም ፈተናን ማለፍ የነገር ሁሉ ፍጻሜ እንዳይመስለን። ሚቺዛኔ እስከ ቀኝ ሚኒስትርነት ከፍ ብሎ ሳለ በ901 ዓ.ም. በሐሜት ተወነጀለና ወደ ዳዛይፉ ተጋዘ፤ በ903 ዓ.ም. በዚያው ሞተ። ማዕረጉ የተመለሰለት ከሞተ በኋላ ነው። ሹመቱን ቢነጥቁትም ትምህርቱን ሊነጥቁት አልቻሉም፤ በግዞት ሳለ የጻፋቸው ግጥሞች እስከ ዛሬ ይነበባሉ።

እንግዲህ ልጁን ለፈተና የሚያዘጋጅ ወላጅ፥ ልጁ ቢያልፍም ቢወድቅም ከእርሱ ጋራ የሚቀረውን ያስብ። የትምህርት ቤቱ በር ቢዘጋበት እንኳ፥ በየማታው ከአባቱ ወይም ከእናቱ ጋራ ያነበበው የእርሱ ነው።