የቦራ ነገርና የእናቴ ጥያቄ

ከሥራ መልስ ሽንኩርቱን ለብቻ፣ ቲማቲሙን ለብቻ በፌስታል አንጠልጥላችሁ ወደ ቤት የምትገቡ እናቶች፤ ዛሬ የማጫውታችሁ እናቴ ስለ ጠየቀችኝና በቦታው ልመልስላት ስላልቻልኩት አንድ ጥያቄ ነው።

እናቴ የምትኖረው በደቡብ ጎንደር፣ በደራ ወረዳ፣ በአንበሳሜ ከተማ ዳር ነው። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ እንደ ልማዴ ስኳሩን፣ ቡናውን፣ ሳሙናውንና ዳቦውን በየፌስታሉ አሳስሬ ገባሁ። እማ ዕቃውን አንድ በአንድ አውጥታ አስቀመጠች። ሌላ ጊዜ ፌስታሎቹን አጣጥፋ ትሸጉጣቸው ነበር። ያን ዕለት ግን በእጇ ጨብጣ ስታያቸው ቆየችና፣

«ቦራን የገደላት ይኸ ነው» አለችኝ።

ቦራ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት፣ እማ ከጥጃነቷ ጀምሮ ያሳደገቻት ላም ነበረች። የቤቱ ቅቤ፣ አይብና እርጎ ከእርሷ ነበር፤ እኔ አዲስ አበባ ሆኜ የምበላው ቅቤ ሳይቀር። አንድ ሰሞን ማመንዠክ ተወች፣ ሆዷ ተነፋ፣ ወተቷ ነጠፈ፤ ቀኑን ሙሉ ሣር እየቀረበላት ከሳች። በመጨረሻ ሳትሞት ትታረድ ተባለ። ጨጓራዋ ሲከፈት የሰው ራስ የሚያህል የተጠቀለለ ፌስታል ወጣ። እማ እንደ ነገረችኝ አንዳንዱ ቀለሙ እንኳ አልለቀቀም። ከገበያ ዳር፣ ሽንኩርት ሸትቶት፣ ጨው ነክቶት ከተጣለው ላይ የለቀመችው ነው።

ከዚህ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣው። እማ ከዓመት በፊት አዲስ አበባ መጥታ ሳለ ልጄን የጥርስ ሐኪም ዘንድ አብራን ወስዳዋለች። ሐኪሟ በተቦረቦረው መንጋጋው ላይ ሊጥ የመሰለ ነገር ሞልታ፣ በብርቱካንማ መከለያ በኩል እያየች ሰማያዊ መብራት ስታበራበት ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ እንደ ድንጋይ ጠነከረ። እማ ይህን አልረሳችም።

«በመብራት ጥርስ የሚሠሩ ሰዎች» አለችኝ «ላም ብትውጠው የሚጠፋ ፌስታል መሥራት እንዴት አቃታቸው?»

ሳቅሁ እንጂ መልስ አልነበረኝም። ከተመለስኩ በኋላ ግን የተጻፈውን ሳገላብጥ ሰነበትኩ።

የጥርሱ መሙያም ፌስታሉም ፖሊመር ከሚባለው ወገን ናቸው። ፖሊመር ማለት ጥቃቅን ሞለኪውሎች እንደ ዶቃ ተያይዘው የሚፈጥሩት ረጅም ሰንሰለት ነው። ጥጥም፣ የቡላው ስታርችም እንዲሁ ፖሊመር ናቸው። የፖሊመር ኬሚስት ሙያው ዶቃዎቹን መምረጥና ክሩ የት ላይ እንደሚበጠስ መወሰን ነው።

ለጥርስ የተፈለገው የማይበጠስ ነው። አሜሪካዊው ራፋኤል ቦወን እ.ኤ.አ. በ1962 የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሙጫ ለዛሬው መሙያ መሠረት ሆነ። በሊጡ ውስጥ ካምፎርኩዊኖን የሚባል ቢጫ ቅመም አለ። ሰማያዊውን ብርሃን ሲውጥ ዶቃዎቹን ያነቃቸዋል፤ እርስ በርስ ይያያዙና ሊጡ ይጠነክራል።

ለቁስል ደግሞ ተቃራኒው ተፈለገ። ከእናንተ መካከል በቀዶ ጥገና የወለደች ብትኖር፣ ሐኪሙ «ይህ ክር ራሱ ይሟሟል» ብሏት ይሆናል። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፋው ፖሊግላይኮሊክ አሲድ የተባለው ክር፣ የሰውነት ውሃ ቀስ በቀስ ሰንሰለቱን እየበጣጠሰው በሳምንታት ውስጥ ጉልበቱ አልቆ ይጠፋል።

ፌስታል የሚሠራበት ፖሊኤቲሊን ግን እ.ኤ.አ. በ1933 በእንግሊዝ አገር በአጋጣሚ የተገኘ ነው። ሰንሰለቱ ከካርቦንና ከሃይድሮጅን ብቻ የተሠራ በመሆኑ ተህዋስያን ጥርሳቸውን የሚያሳርፉበት ቦታ የለውም። ለጥንካሬው ተወደደ፤ ከዚያ ደግሞ ለአንድ ሰዓት መንገድ ብቻ ተሰጠን።

ታዲያ የሚጠፋ ፌስታል የለም? አለ። ከላክቲክ አሲድ የሚሠራ ፖሊላክቲክ አሲድ የሚባል ፕላስቲክ አለ። ላክቲክ አሲድ ያው እርጎን የሚያኮመጥጠው ነው፤ ስዊድናዊው ሼሌ እ.ኤ.አ. በ1780 ያገኘውም ከኮመጠጠ ወተት ነው። የዛሬዎቹ ፋብሪካዎች ከበቆሎና ከሸንኮራ አገዳ ስኳር አብላልተው ያወጡታል። በዚህ ላይ ስደርስ ደስ አለኝ፤ የቦራ እርጎ ለፌስታሉ መድኃኒት ሊሆን ነው ብዬ።

ደስታዬ ብዙ አልቆየም። ይህ ፕላስቲክ ቶሎ የሚፈርሰው እስከ 60 ዲግሪ በሚጠጋ ሙቀት፣ በተዘጋጀ የብስባሽ ማምረቻ ውስጥ ነው። በደጋ ማሳ ላይ ዓመታት ይቆያል። የላም ሆድ ሙቀት 39 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ቦራን ባላዳናት ነበር። ባክቴሪያዎች ራሳቸው የሚሠሩት፣ በአፈር ውስጥም የሚበሉት ሌላ ዓይነት አለ፤ ዋጋው ግን ከተራው ፕላስቲክ እጅግ የበለጠ ነው።

በአገራችንም ጅማሮ አለ። ፕሮፌሰር ጽጌ ገብረ ማርያም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንሰትን ስታርች መርምረው እ.ኤ.አ. በ1996 ጥናት አሳትመዋል። ዓላማው የመድኃኒት እንክብል ማያያዣ እንጂ ከረጢት አልነበረም፤ ስታርች ለብቻው ውሃ ሲነካው ይልማልና ለከረጢት ገና ብዙ ይቀረዋል። ሕጉም በ1999 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች የሆነ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ገድቦ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ለአንድ ጊዜ አገልግሎት የሚውለውን ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጸደቀ። ሆኖም አዋጁ ከመውጣቱ በፊት የተጣለው አሁንም በየቦዩና በየአጥሩ ሥር አለ፤ ከብቶቹም እዚያው ይግጣሉ።

ይህን ሁሉ በስልክ ለእማ አስረዳኋት። እስክጨርስ አዳመጠችኝና፣

«እንግዲያው ለጊደሯ አይደርስም በይኛ!» አለች።

ጊደሯ የቦራ ልጅ ናት። እማ ወደ ገበያው ዳር እንዳትሄድባት ከጓሮ አስራ፣ በዚያ ዕድሜዋ ሣር እያጨደች ታበላታለች። በሚቀጥለው ስመጣ ስኳሩን በምን ላምጣልሽ ብላት፣

«ነጠላሽ የት ሄዶ!» ብላ ዘጋችብኝ።