አሮጌውን ቁምሳጥን ከመፋቃችሁ በፊት

አዲስ ዓመት ሲቃረብ በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ አንድ ጥያቄ አለ፦ «ዶክተር፣ ነፍሰ ጡር ነኝ፤ የቤት ዕቃ ሲቀባ የቀለሙ ሽታ ልጄን ይጎዳብኝ ይሆን?» ጥሩ ጥያቄ ነው። ሽታው ሲመጣ ግን ቢያንስ እናውቀዋለን። እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሽታ የሌለው አቧራ ነው።

እህቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ሳለች ከእናታችን ቤት ሰማያዊ ቁምሳጥን አምጥታ ለሚወለደው ልጅ ልታድሰው ተነሳች። ቁምሳጥኑ ዕድሜው ከሁለታችንም ይበልጣል። «መቀባቱን ለባለቤቴ ትቻለሁ፤ እኔ በብርጭቆ ወረቀት መፋቁን ብቻ ነው» አለችኝ። ያስደነገጠኝ መፋቁ ነበር።

ለምን መሰላችሁ? በድሮ የዘይት ቀለሞች ውስጥ እርሳስ (የምንጽፍበት ሳይሆን ብረቱ) ይጨመር ነበር፤ ቀለሙን ያደምቃል፣ ቶሎም ያደርቃል። በአገራችን በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ደንብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባን ዕቃ ጠርጥሩ። ቀለሙ ሳይላላጥ ሲቀመጥ ብዙም አያሰጋም፤ ሲፋቅ ግን ይቦንና ወለሉና ምንጣፉ ላይ ያርፋል። የሚድህ ሕፃን በእጁ ነክቶ ወደ አፉ ይወስደዋል። የሕፃን አንጀት ከአዋቂ ጋር ሲነጻጸር ከአራት እስከ አምስት እጥፍ እርሳስ ይመጥጣል። ከእናት ደምም ወደ ፅንሱ ያልፋል። ጉዳቱ ቀስ ብሎ ነው የሚታየው፦ የደም ማነስ፣ ትኩረት ማጣት፣ በትምህርት ወደኋላ መቅረት። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ጉዳት የለውም የሚባል የእርሳስ መጠን አይታወቅም።

ታዲያ ዕቃውን እንጣለው? አይደለም። የእህቴን ቁምሳጥን ባለቤቷ ግቢ አውጥቶ፣ ሳይፍቀው በሳሙና ውሃ አጥቦና አድርቆ በላዩ ላይ ቀባው። እናንተም፦

✅ ቀለሙ ካልተላላጠ አትፋቁት፤ አጥባችሁ በላዩ ቀቡ።
✅ መፋቅ ግድ ከሆነ ውጭ፣ በውሃ እያረጠባችሁ ይሁን። ነፍሰ ጡርና ልጆች አይቅረቡ። ብናኙን በመጥረጊያ ሳይሆን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ፤ የሥራውን ልብስም ለብቻው እጠቡ።
✅ ልጅ ጥርስ ሲያወጣ የአልጋውን ጠርዝ ስለሚያኝክ፣ የድሮ ቀለም ያለበትን የሕፃን አልጋ አትጠቀሙ።
✅ ቀለም የተቀባ ቁራጭ እንጨት ለማገዶ አይሁን፤ እርሳሱ በጭሱና በአመዱ ይወጣል።
✅ ክረምት ነው፣ ይበርዳል ብላችሁ መስኮት ዘግታችሁ አትቀቡ። ቲነር ባለበት ክፍል ከሰል አታስገቡ።
✅ ቲነር በውሃ ፕላስቲክ አታስቀምጡ። ልጅ ከጠጣው አታስመልሱት፣ ወተትም አትስጡት፤ ሲያስታውከው ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ወዲያው ወደ ጤና ተቋም ውሰዱት።

አንድ የመጨረሻ ነገር። ልጃችሁን በሆድ ቁርጠት፣ በድርቀት ወይም በደም ማነስ ምክንያት ሐኪም ጋ ስትወስዱ፣ ቤት ውስጥ ቀለም ተፍቆ ከነበረ ሳትጠየቁ ንገሩ። እኛ ሐኪሞች ስለ ምግቡና ስለ ውሃው እንጠይቃለን፤ ስለ ቁምሳጥኑ ግን ላይመጣልን ይችላል።

ለበዓል ቤቱን ለሚያድስ ወዳጃችሁ አጋሩት።