ከውስጥ የሚያረጥብ ዝናብ

ይኸውላችሁ… የሲኤምሲ ልጅ ነኝ። የማውቀው በረዶ ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ፍሪጅ ውስጥ ያለው፣ ሌላው ሐምሌ ላይ ቆርቆሯችንን የሚደበድበው። ፈረንጅ የሚንሸራተትበት ሦስተኛው ዓይነት ለእኔ የፊልም ጉዳይ ነበር። አማርኛችንም ብትሆን አልተጨነቀችበትም፤ ሦስቱንም "በረዶ" ብላ ገላግላናለች።

ታዲያ ዴንቨር ያለችው የአክስቴ ልጅ ልታገባ ሆነና ተጠራሁ። ያውም በጥር! (ቪዛው እንዴት እንደተገኘ ሌላ ወግ ነው። ስለቱ ለሲኤምሲ ሚካኤል ገብቷል።) "ከሠርጉ በኋላ ተራራ ወጥተን ስኪ እንማራለን፤ አንተም አለህበት" አለችኝ። ወዲያው በቴሌግራም የሦስት ጃኬቶች ፎቶ ላከች። "ምረጥ፤ ግማሹን እኔ እችላለሁ።" አንዱ 180 ዶላር፣ አንዱ 400፣ አንዱ 700።

ሰባት መቶ ዶላር! ጃኬቱ ውስጥ ደግሞ ምንም የለም። እውነቴን ነው፤ ጥጥ የለው፣ ላባ የለው። ስሙ ራሱ "ሼል" ነው፤ ቅርፊት እንደ ማለት። እንደ ቤት ቆርቆሮ ነው፤ ዝናብና ንፋስ ይከለክላል እንጂ አያሞቅም። ሙቀቱን ከሥር በምትለብሱት ሹራብ ራሳችሁ ታመጣላችሁ። አልዋሽም፣ ልቤ ግን የሄደው ወደ 700ው ነው። ደረቱ ላይ ባለችው ምልክት ምክንያት! ቦሌ ላይ ያቺን ምልክት የሚያውቅ ሰው ሲያየኝ ታየኝ። ለላፕቶፕ ያጠራቀምኳት ብር በዓይኔ ፊት ስትቀልጥም ታየችኝ።

ማታ ስገባ ፎቶዎቹን ለግቢያችን ጥበቃ ለአባባ አሳየኋቸው። ለወሬ ያህል ነው እንጂ ምክር ፍለጋ አልነበረም። አባባ ክረምትን በር ላይ ቆመው የሚያሳልፉ ሰው ናቸው። ካፖርት አላቸው፤ ዝናቡ ሲበረታ ከላዩ ላስቲክ ይደርቡበታል።

"ውሃ አያስገባም ነው የምትለኝ?"

"ጠብታ አያስገባም አባባ።"

"እሱማ የኔም ላስቲክ አያስገባም። ላቡንስ የት ያደርገዋል?"

ዝም አልኩ።

"አየህ ልጄ፣ ካፖርቱ ብቻውን ሲሆን ውሃ ይጠጣና ድንጋይ ያክላል። ላስቲኩን ስደርብበት ዝናቡ ይቀራል፤ ግቢውን ሁለቴ ከዞርኩ ግን ከውስጥ እረጥባለሁ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ የሚያንቀጠቅጠኝ የራሴ ላብ ነው።"

ያን ሌሊት ስለ ጃኬት ሳነብ አደርኩ። ለካ የአባባ ጥያቄ የነዚያ ትልልቅ ፋብሪካዎች ጥያቄ ነው! ቦብ ጎር የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1969 የጋለ ቴፍሎን (አዎ፣ የማይዘው መጥበሻ የሚቀባው) በአንድ ጊዜ መንጭቆ ሲስበው ሳይበጠስ ተለጠጠ። እንዲህ የተለጠጠው ስስ ሽፋን በጣም ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉት። ለውሃ ጠብታ ይጠባሉ፤ ለላብ እንፋሎት ግን ይበቃሉ። ጎርቴክስ የሚባለው ከዚህ ተወለደ። ዛሬ ሌሎችም በየመንገዳቸው ይሠሩታል።

የኛው ሮቤል ተክለማርያምም ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2006 ቶሪኖ ላይ በክረምት ኦሎምፒክ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው፤ በ2010 ቫንኩቨር ላይም ተመልሶ ታይቷል። የሱ ስፖርት አገር አቋራጭ ስኪ ነው። እዚያ ውድድር ላይ ሼል ለብሶ የሚሮጥ የለም፤ ስስና ጥብቅ ያለ ልብስ ነው የሚለበሰው። በረዶ ላይም ቢሆን የሚሮጥ ሰው ያልበዋል!

ከዚያ በኋላ ምርጫው ቀለለኝ። የ180ው ውሃ መቋቋሚያ ቁጥር 10,000 ነው፤ ስፌቱ ከውስጥ በቴፕ የታሸገው በከፊል ነው፤ ብብቱ ሥር ዚፕ የለውም። የ400ው 20,000 ነው። (የ20 ሜትር ቁመት ያለው ውሃ ቢጫነው አያፈስም ማለት ነው፤ ስድስት ፎቅ ገደማ!) ስፌቱ በሙሉ ታሽጓል፤ ላብ ሲበዛ የሚከፈት የብብት ዚፕ አለው። የ700ውስ? እነዚህኑ ሁሉ ይዞ ትንሽ ቀለል ይላል… እና ያቺ ምልክት አለችው። ለምልክቷ 300 ዶላር! 400ውን መረጥኩ። የቀረው ቀለም ብርቱካናማ ብቻ ነበር።

ተራራው ላይ አሥራ አንዴ ከወደቅኩ በኋላ መቁጠር አቆምኩ። ስኪ ላይ የሚያደክመው መንሸራተቱ እንዳይመስላችሁ፤ መነሳቱ ነው። ላቤ ሲንቆረቆር የብብቴን ዚፕ ከፈትኩና "አባባ ይሙቱ!" አልኩ፤ በአማርኛ፣ ለሮኪ ተራሮች።

ተመለስኩ። ሐምሌ ገባ። አንድ ሌሊት ቆርቆሯችን ሲደበደብ መጋረጃውን ገለጥ ሳደርግ አባባ ላስቲካቸውን ተከናንበው በሩ ላይ ቆመዋል። ጃኬቴ ቁምሳጥን ውስጥ ነው፤ ከዝናብ ተጠብቆ። አፈርኩ። ይዤው ወረድኩ።

"ይሄ ምን ዓይነት ቀለም ነው? ሌባ ከሩቅ ያየኛል!"

"እዚያ ተራራ ላይ ሰው ሲጠፋ በቀላሉ እንዲገኝ ነው አባባ።"

"እኔ ከዚህ በር ወዴት እጠፋለሁ?"

መልስ አልነበረኝም። ካፖርቱን አወለቁና ጃኬቱን ከሹራባቸው ላይ ደረቡት።

ጠዋት ስወጣ "ከውስጥስ?" አልኳቸው። እጃቸውን በአንገትጌው አስገብተው ደረታቸውን ዳሰሱ።

"ደረቅ ነኝ።"

አሁን ጃኬቱ የጥበቃ ቤቷ ምስማር ላይ ነው የሚውለው። ዴንቨር እንደገና ከተጠራሁ አባባን አስፈቅጄ እዋሳለሁ። በክረምት ከሆነ ግን እንጃ…